ስሙ ቀረ፣ ባቡሩስ? ለሞዴል የሚበቁ ባለ እንፋሎት ባቡሮቻችን

ባምቢስ ፌርማታ ላይ ቆሞ ቀላል ባቡር የሚጠብቅ ሰው ዙሪያውን በስም ታጥሯል። ባምቢስ መጀመሪያ የአንድ የግሪኮች ሱፐርማርኬት ስም ነበር፤ ቀስ በቀስ የሰፈሩ፣ በኋላም የፌርማታው ስም ሆነ። ጎረቤቱ ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከሚባሉ ቤቶች ነው። በባቡሩ ተሳፍሮ እስጢፋኖስንና ስታዲየምን ያለፈ ሰው ሦስተኛው ላይ ለገሃር ይወርዳል፤ ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ያሉትን ጣቢያ የአዲስ አበባ ሰው በራሱ አንደበት አለስልሶ ለገሃር አደረገው። ከፒያሳ በላይ ደግሞ ሰባራ ባቡር የሚባል ሰፈር አለ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። እውነት ነው፣ ስሙ ውሏል። ማሽኑ ግን የት ነው? ሐዲዱን የረገጠው ጎማ፣ እሳቱን የበላው ምድጃ፣ የልጆችን ጆሮ የሞላው ፉጨት ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ ለአንድ የባምቢስ ልጅ በእጁ አስይዘን ማሳየት እንችላለን?

ይህ ዳሰሳ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በኢትዮጵያና በቅርብ ጎረቤቶቿ ሐዲድ ላይ ከሠሩት ባለ እንፋሎት ባቡሮች የትኞቹ በትንሽ ሞዴልነት ሊሠሩ ይገባል? ማንስ ሊሠራቸው ይችላል? ለመሥራትስ ምን ያስፈልጋል?

ሁለት ብቻ የተሠራው ባቡር

የሞዴል ባቡር ዋና አገር ጀርመን ናት። በ1859 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጎፒንገኑ ሜርክሊን ዛሬም ባቡር እየቀነሰ ይሠራል። በ1968 እ.ኤ.አ. ከኑረምበርግ የወጣው ትልቁ የአትክልት ስፍራ ባቡር ኤል.ጂ.ቢ. ደግሞ ከ2007 ጀምሮ በዚሁ በሜርክሊን እጅ ነው። የእነዚህ አምራቾች ደንበኞች በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፤ «ያኛው ብርቅ ባቡር መቼ ይሠራልን?» ይላሉ።

መልሱ ብዙ ጊዜ አዎንታዊ ነው። «10» የተባለውን የምዕራብ ጀርመን ባለ እንፋሎት ባቡር እንመልከት። የክሩፕ ፋብሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራው ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ሁለት ብቻ የተሠራው ይህ ባቡር ግን በሞዴልነት በብዙ ሺህ ቤቶች መደርደሪያ ላይ ይታያል። ቦርዚግ የሠራው «05» የተባለው ፈጣን ባቡርም ቁጥሩ ሦስት ብቻ ነበር፤ እሱም ሞዴል አለው። የጀርመን አባት ለልጁ «ይህ ነው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሮጠው» እያለ ያሳየዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ቀን አለ። 05 002 ያንን የ200.4 ኪሎ ሜትር ክብረ ወሰን ያስመዘገበው ግንቦት 3 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 24 ቀን ገና ሳይነጋ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የተነሳ ሌላ ባቡር ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱበት ባቡር ነው። ያኛው ለጀርመኖች የኩራት ቀን ባቡር ነው፤ ይህኛው ለእኛ የሐዘን ቀን ባቡር ነው። ያኛው በትንሽነቱ ተሠርቶ በሺህ እጅ ገብቷል። የኛው ግን እኔ ባየኋቸው የአምራቾች ካታሎጎች ውስጥ የለም።

መለኪያው

ለሞዴል የሚበቃውን ከማይበቃው ለመለየት አራት ነገር እመለከታለሁ። አንደኛ፣ የሐዲዱ ስፋት ገበያ ላይ ካለ የሞዴል ሐዲድ ጋር ይገጥማል ወይ? ሁለተኛ፣ ማሽኑ በአሠራሩ የሚለይበት ነገር አለው ወይ? ሦስተኛ፣ ሄዶ የሚለካው አካል ወይም ንድፍ ተርፏል ወይ? አራተኛ፣ ታሪኩ ሞዴሉን ገዝቶ ለሚያየው ሰው የሚነግረው ነገር አለ ወይ?

የመጀመሪያው መለኪያ ሳንጠብቀው ያግዘናል። የጅቡቲ መስመር የሐዲድ ስፋት ልክ አንድ ሜትር ነበር። ኤች ዜሮ በሚባለው መጠን ሁሉም ነገር በ87 ይካፈላል፤ አንድ ሜትር 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው፣ የአንድ ጣት ስፋት እንኳ አይሞላም። ለስዊስ የተራራ ባቡሮች ተብሎ የተሠራ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ገበያው ላይ አለ፤ ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በኤል.ጂ.ቢ. ትልቅ መጠን ደግሞ ማካፈያው 22.5፣ ሐዲዱም 45 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ እውነተኛው ልክ ስንመልሰው አንድ ሜትር ከ1.25 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ስለዚህ የኢትዮጵያን ባቡር ለመሥራት አዲስ ሐዲድ መፍጠር አያስፈልግም። ሐዲዱ ተነጥፎ የሚጠብቀው ባቡሩን ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ስሌት ልጨምር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር ገደማ በ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የአገሪቱ ዋና የባቡር መስመር ሙሉ ሞዴል የምሥራቅ–ምዕራቡን ቀላል ባቡር መስመር ግማሽ ያህል ነው ማለት ነው። ከባምቢስ ተነስቶ መገናኛን አልፎ ይሄዳል።

መንገድ ላይ የቀረው

ዳሰሳውን ከሰባራ ባቡር እንጀምር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ ማሽን ወደ አዲስ አበባ አስመጣ። ሐዲድ የማይፈልግ፣ በሰፊ የብረት ጎማ መሬት እየዳመጠ የሚሄድ ነበር። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ተሰብሮ የቀረበት ቦታም ሰባራ ባቡር ተብሎ ስሙ እስከ ዛሬ ዘለቀ።

በእኔ መለኪያ ይህ ማሽን በታሪኩ ከሁሉም ይበልጣል፤ በሐዲዱ ግን ይወድቃል፣ ምክንያቱም ሐዲድ የለውም። ስለዚህ ከባቡር ሞዴል ይልቅ ለብቻው በመስኮት ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ቅርጽ ሆኖ ቢሠራ ይሻለዋል። የአዲስ አበባ ሰው በእንፋሎት የሚሄድን ነገር ገና ሐዲድ ከተማዋ ሳይደርስ ያየው በዚህ ነውና ከዳሰሳው ማውጣት አይገባም።

የጅቡቲ መስመር ባቡሮች

ዋናው ታሪክ ያለው እዚህ ላይ ነው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የመስመሩን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ ፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኑም አጋሩ ነበር። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ በበረሃ መካከል ደርሶ ድሬዳዋን አስገኘ። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተተካ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የለገሃሩ ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በኅዳር 1922 ዓ.ም. ነው።

በዚህ መስመር ላይ ለሥራ ከመጡት ባለ እንፋሎቶች ውስጥ የስዊሱ የቪንተርቱር ፋብሪካ የሠራቸው ይገኙበታል። ይህ ለሞዴል ሠሪ ትልቅ ዜና ነው። የዚሁ ፋብሪካ ልጆች የሆኑት፣ በዚሁ በአንድ ሜትር ሐዲድ በስዊስ ተራሮች የሮጡት ባለ እንፋሎቶች ቀድመው ሞዴል ሆነዋልና። በ1904 እና በ1915 እ.ኤ.አ. መካከል የተሠራው «ጂ 4/5» በትንሹም በትልቁም መጠን ተሠርቷል። አምራቹ የቪንተርቱርን የአሠራር ጠባይ ያውቀዋል፤ የሲሊንደሩን ቦታ፣ የጎማውን ዘንግ፣ የቦይለሩን ቅርጽ ብዙ ጊዜ ሠርቶታል። የአጎት ልጅን ለሠራ እጅ ወንድምን መሥራት አይከብደውም።

የዚህ መስመር ባቡሮች ድክመት ሦስተኛው መለኪያ ላይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት መስመሩ ወደ ናፍጣ ዞረ፤ እንፋሎቱ ከሥራ ወጣ። በድሬዳዋ፣ ባቡሩን «ሸመንደፈር» እያለ ባደገው ሕዝብ ከተማ፣ የቆየው ወርክሾፕ የያዘው እውቀት ብዙ ነው፤ ብረቱ ግን ችላ ከተባለ ዕድሜው አጭር ነው። አንድ ሞዴል በወጉ እንዲሠራ የጎማው ስፋት፣ የቦይለሩ ርዝመት፣ የጭስ ማውጫው ቁመት፣ የመሰላሉ ደረጃ ብዛት ያስፈልጋል። ከእነዚህ የተረፈ ካለ በእጅ ለክቶ በወረቀት ማስፈር የሚቻለው ዛሬ ነው። ዝገት ከበላው በኋላ ግን ማንም ሊለካው አይችልም።

ከባቡሩ ጋር ሠረገሎቹም አይረሱ። ለአምራች አንድ ብቸኛ ሎኮሞቲቭ ከመሥራት ይልቅ ሎኮሞቲቭና ሁለት ሦስት ሠረገላ አንድ ላይ በአንድ ሳጥን መሸጥ የተለመደ ነው። ንጉሣዊ ሠረገላ ያለው መስመር ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሳጥን የተዘጋጀ ታሪክ አለው። የሚያዝያ 24ን ጉዞ በጠረጴዛ ላይ ያየ ልጅ የታሪክ መጽሐፉን በሌላ ዓይን ይከፍታል።

ከሙኒክ የመጣው

ወደ ሰሜን ስንሄድ ከሁሉም ለጀርመን አምራች ቅርብ የሆነውን ባቡር እናገኛለን። ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚወጣው መስመር ዛሬ የኤርትራ ነው፤ በፌደሬሽኑና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደግሞ በኢትዮጵያ ሥር ነበር። የመስመሩ ርዝመት 117.6 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ይወጣል። በ30 ዋሻና በ65 ድልድይ ያልፋል። አስመራ የደረሰው በታኅሣሥ 1904 ዓ.ም. አካባቢ ነው።

እንዲህ ያለ ተራራ ጠመዝማዛ ነው፤ ረጅም ባቡር በጠመዝማዛ ላይ አይታጠፍም፣ አጭር ባቡር ደግሞ ጉልበት የለውም። መፍትሔው ማሌት የሚባለው ዓይነት ነበር፤ አናቶል ማሌት የተባለ መሐንዲስ ያመጣው ሐሳብ ነው። ለዚህ መስመር የመጀመሪያዎቹ ማሌቶች «440» የሚል መጠሪያ ይዘው በ1907 እ.ኤ.አ. የተሠሩት በሙኒክ በማፌይ ፋብሪካ ነው። ከዚያ በኋላ የጣሊያኑ አንሳልዶ ንድፉን ተከትሎ ተጨማሪ ሠራ፤ በ1938 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጉልበቱ የጨመረ «442» የሚባል ልጅ አስከተለለት።

አሠራሩን ለማየት ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ይበቃል። ሁለት ባዶ የክብሪት ቀፎ ውሰዱ። አንዱን ከኋላ፣ አንዱን ከፊት አስቀምጡ። ወረቀት እንደ ዱላ ጠቅልላችሁ በላያቸው አጋድሙት፤ ያ ቦይለሩ ነው። ወረቀቱን ከኋለኛው ቀፎ ጋር በሙጫ አጣብቁት። ከፊተኛው ጋር ግን አታጣብቁት፤ የፊተኛውን ቀፎ ከኋለኛው ጋር በአንዲት ስፒል አያይዙት። አሁን የቡና ሲኒ አስቀምጡና ባቡሩን በሲኒው ዙሪያ አዙሩት። የኋለኛው ቀፎ ከወረቀቱ ጋር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የፊተኛው ግን በስፒሉ ላይ ዞሮ የሲኒውን ክብ ይከተላል። ማሌት ማለት ይህ ነው፣ ወገቡ የሚታጠፍ ባቡር። እንፋሎቱም ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ከቦይለሩ ወጥቶ መጀመሪያ የኋለኛውን ፒስቶን በከፍተኛ ግፊት ይገፋል፣ ከዚያ ግፊቱ ቀንሶ በሚታጠፍ ቧንቧ ወደ ፊተኛው ሰፊ ሲሊንደር ይሄድና ሁለተኛ ይገፋል። አንድ እሳት ሁለት ሥራ ይሠራል።

ሞዴል ሠሪዎች እንዲህ ያለ ባቡር በጣም ይወዳሉ። በጠባብ ጠመዝማዛ ላይ ሲዞር ፊቱ ሲወጣና ሲገባ ማየት ትልቅ ደስታ ነው፤ በቤት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ያለው ጠመዝማዛ ሁሉ ጠባብ ነው። ሐዲዱ 95 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በትክክለኛ ልክ በኤች ዜሮ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ መሮጥ ይችላል፣ ጥንቁቅ ዓይን ግን ልዩነቱን ያየዋል። በሦስተኛው መለኪያ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ዕድለኛ ነው። በኤርትራ የነጻነት ጦርነት ዘመን ፈርሶ የነበረው መስመር ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዛውንት ባቡረኞች ጭምር ተጠግኖ በ2003 እ.ኤ.አ. እንደገና ተከፈተ፤ ማሌቶችም ተጠግነው ሐዲድ ላይ ተመልሰዋል። የሚለካ አካል አለ ማለት ነው።

በዚሁ መስመር የሠሩትን የብሬዳ «202» የሚባሉ ትንንሽ ባለ ሁለት ዘንግ ባቡሮች በአጭሩ ላንሳ። ለጀማሪ ሞዴል ሠሪ ተስማሚ ናቸው፤ ጎማቸው ጥቂት፣ አካላቸው አጭር ነው። ሊቶሪናውን፣ ያንን የፊያት ተሳፋሪ ባቡር፣ ናፍጣ ስለሆነ ከዚህ ዳሰሳ ውጪ ብተወውም፣ በትዝታ ግን ከእንፋሎቶቹ አያንስም።

ማን ይሥራው?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የውጭ አምራችን ማሳመን ነው። አምራቹ ወጪውን የሚያወጣው ሻጋታው ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ከሠራው በልዩ ልዩ ቁጥርና ቀለም ደጋግሞ ሊያወጣው ይፈልጋል። ለዚህ ማሌት 440 ተስማሚ ነው፤ ሙኒክ የሠራችውም አንሳልዶ የሠራውም፣ ቁጥራቸው ለየብቻ የሆኑትም፣ ከአንድ ሻጋታ ሊወጡ ይችላሉ። የጀርመን ገዢም «ሙኒክ የተሠራ ባቡር» ሲባል ልቡ ይሳባል። ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ደግሞ ለልጆቻቸው የሚሰጡት ትርጉም ያለው ስጦታ ይሆንላቸዋል። አንድ ሺህ ደብዳቤ ከአንድ ከባድ ማመልከቻ ይበልጣል።

ሁለተኛው መንገድ እኛው ራሳችን መሥራት ነው፤ እኔ የበለጠ የማምነው በዚህ ነው። እኛ ሽቦ ጠምዝዘን፣ ቆርኪ ጎማ አድርገን መኪና ሠርተን ያደግን ልጆች ነን። ዛሬ በአዲስ አበባ የ3 ዲ ማተሚያ ያላቸው ወጣቶች፣ በየቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ቶርኖ ላይ የሚሠሩ ተማሪዎች አሉ። የሚያስፈልጋቸው የተለካ ንድፍ ነው። ንድፉ ካለ አንዱ በፕላስቲክ፣ ሌላው በናስ፣ ሌላው በካርቶን ይሠራዋል። ሙዚየም ሄዶ ማየት የማይችል ልጅ በቤቱ ይሠራዋል።

ለዚህ የሚሆን ጊዜ ረጅም አይደለም። በለገሃር ዙሪያ በ2011 ዓ.ም. ትልቅ የግንባታ ፕሮጀክት ይፋ ሆኗል። ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት መልኩ ተቀይሯል። ከተማ ያድጋል፣ ይታደሳል፤ ይህን የሚቃወም ልብ የለኝም። የሚለወጥ ከተማ ግን የሚለወጠውን ነገር ለክቶ መያዝ አለበት። ያልተለካ ነገር ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው።

ፍርዱ

ከላይ ባስቀመጥኳቸው አራት መለኪያዎች ስመዝን የመጀመሪያው ቦታ ለማሌት 440 ይገባዋል። በአሠራሩ ልዩ ነው፤ የሚለካ አካል አለው፤ የጀርመንን ፋብሪካ፣ የቀይ ባሕርን ጠረፍና የደጋውን ሕዝብ በአንድ ያያይዛል። ሁለተኛው ቦታ የጅቡቲ መስመር የቪንተርቱር ባቡር ነው፤ ከንጉሣዊ ሠረገላ ጋር በአንድ ሳጥን ቢወጣ። ሐዲዱ ከሁሉም ይልቅ በትክክል ይገጥማል፤ ታሪኩም ከማንም አይተናነስም። ሦስተኛው ብሬዳ 202፣ ለጀማሪ እጅ የሚሆን። የሰርኪስ ባቡር ደግሞ ከደረጃ ውጪ ሆኖ በክብር ይቀመጥ።

አሁን የምጠይቀው አንባቢዬን ነው። አያትህ ወይም አያትሽ በሸመንደፈር የሠሩ ከሆነ፣ ቤታችሁ ያለውን ፎቶ አውጡ። ከኋላው ምን እንደተጻፈ አንብቡ። ባቡሩ የቱ ጋ ቆሞ እንደነበር፣ ቁጥሩ ስንት እንደነበር ጠይቁ፣ ጻፉ። ድሬዳዋ የምትደርሱ ሜትር ያዙ፤ በፈቃድ ገብታችሁ አንድ ጎማ ለኩ፣ አንድ ደረጃ ቁጠሩ። ሁለት ብቻ የተሠራው የጀርመን ባቡር ዛሬ በልጆች እጅ የሚዞረው አንድ ሰው ለክቶት፣ አንድ ሰው ሥሎት፣ አንድ ሰው ስለፈለገው ነው። የኛንም ባቡር የምንፈልገው እኛ ከሆንን፣ መለካት የምንጀምረውም እኛ ነን።